በር ላይ አድሮ የሄደው መንገደኛ

ስሙኝማ ወገኖቼ! ጫቱ ገብቷል። ሻጮቹ ከእርጥብ ጆንያ ሥር ዙርባውን እየመዘዙ ለየደንበኛቸው አድለው ጨርሰዋል፤ የጅቡቲው ካርቲየ 5 መንገድም ጭር ብሏል። ፀሐዩ እስኪበርድ የሚኬድበት የለም። ትራሳችሁን አመቻቹ፣ ውኃችሁን አቅርቡ። ዛሬ የማወጋችሁ ዓለምን ዞሮ ዞሮ እኛ በር ላይ ሲደርስ አፍንጫውን ይዞ ስላለፈ ሰው ነው። ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምቆጥርላችሁ፤ ያገር ቤቱን የሚፈልግ ሰባት ስምንት እያነሳ ይስማ።

ሰውየው ኢብን ባጡታ ይባላል። በ1304 ታንጃ በምትባል የሞሮኮ ወደብ፣ ከቃዲዎች ቤተሰብ ተወለደ። ዘመዱ ሁሉ የሸሪዓ ሰው ነው፤ እሱም ያንኑ ተማረ። በሰኔ 1325፣ ገና የ21 ዓመት ጎረምሳ ሳለ፣ ሐጅ አደርጋለሁ ብሎ ከቤቱ ወጣ። ጓደኛ የለው፣ ቅፍለት የለው፤ ብቻውን። እናትና አባቱ በሕይወት ነበሩና መለየቱ አንጀቱን እንደበላው ኋላ ራሱ ተናግሯል።

መንገድ ላይ ሰው አገኘ፤ እየታመመም እየዳነም ቱኒስ ደረሰ። የከተማው ሰው መንገደኞቹን ሊቀበል ወጣ። አንዱ ከወዲህ፣ ሌላው ከወዲያ እየተጠራራ ይተቃቀፋል፣ ወሬ ይጠያየቃል። እሱን ግን «እንኳን ደህና ገባህ» ያለው አንድም ሰው አልነበረም። የሚያውቀው የለማ! ጎረምሳው እዚያው መንገድ ላይ እንባውን ዘረገፈው። ከሐጃጆቹ አንዱ ይህን አይቶ ቀረብ አለ፤ ሰላም አለው፣ አጽናናው፤ ከተማው እስኪገቡ ድረስም ከጎኑ አልተለየም። ይቺን ነገር ያዙልኝ። ይህ ሰው ከዚያ በኋላ ንጉሥ አይቷል፣ ሱልጣን አይቷል፣ ካን አይቷል፤ የዚያን ሐጃጅ ሰላምታ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ አልረሳትም። እናንተስ ጅቡቲ የገባችሁ ዕለት ማን ሰላም እንዳላችሁ ትረሳላችሁ? ማን ፊቱን እንዳዞረባችሁስ?

እስክንድርያ ሲደርስ አንድ እግራቸው የሚያነክስ ሼህ ዓይናቸውን ጣሉበትና በህንድ፣ በሲንድና በቻይና ያሉ ወንድሞቻቸውን እንደሚያገኝ ነገሩት፤ ሰላምታም ላኩበት። ልጁ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ከመካ ወዲያ ስለመሄድ አስቦ አያውቅም ነበር። ከዚያ ናይልን ሽቅብ ወጥቶ፣ በረሃውን አቋርጦ፣ ቀይ ባሕር ዳር ዓይዛብ ደረሰ። ደረሰ ወይ? የቤጃዎቹ ሱልጣን ከግብጽ ገዢዎች ጋር ተጣልቶ መርከቦቹን ሰባብሮ ቆየው። ተመለሰ። በደማስቆ በኩል ዞሮ በ1326 መካ ገባ። ከዚያ ወዲያ እግሩን የሚያቆመው ጠፋ። ኢራቅን አየ፣ ፋርስን አየ፣ መካ ተመልሶ ተቀመጠ፤ አሁንም ተነሣና በቀይ ባሕር ቁልቁል ወርዶ ሱዋኪንን፣ ዘቢድን፣ ታዕዝን፣ ሰንዓን አዳረሰ። በ1330 ግድም ዓደን ገባ።

ዓደን ማለት ያን ጊዜ የህንድ መርከብ ሁሉ የሚራገፍባት ናት። ዛፍ የላት፣ እርሻ የላት፤ የሚጠጣው ዝናብ ያጠራቀመው የጉድጓድ ውኃ ነው። ሀብቱን ግን አትጠይቁኝ። አንድ ወሬ እዚያ ሰማ። ሁለት ነጋዴዎች አገልጋዮቻቸውን ገበያ ይልካሉ፤ ሁለቱም በግ ግዛ ተብለዋል። የዚያን ቀን ገበያው ውስጥ የነበረው አንድ በግ ብቻ ነው። ይሄ ሲጨምር ያ ሲጨምር፣ በጉ 400 ዲናር ገባ! አንደኛው ጠና ብሎ ወሰደው፤ ያለኝ ጥሪት 400 ነው፣ ጌታዬ ከከፈለኝ እሰየው፣ ካልከፈለኝ ከራሴ ከፍዬ ተቀናቃኜን ረታሁ አለ። ጌታው ይህን ሲሰማ ነጻ አወጣው፤ 1,000 ዲናርም መረቀለት። የተረታው አገልጋይስ? ጌታው ገርፎ፣ ያለውን ቀምቶ አባረረው። ገበያ ውስጥ ነገሩ በግ እንዳልሆነ እዚህ ንግድ ያላችሁ ታውቃላችሁ፤ ክብር ነው የተገዛው።

ከዓደን በባሕር አራት ቀን ቀዝፈው ዘይላ ደረሱ። ዘይላን አታውቋትም? ይቺው እኮ ናት፤ ሎያዳን ተሻግሮ ባሕሩን ይዞ የሄደ መኪና ሳይመሽበት የሚደርስባት። ሰውየው ደረሰና አየ። ስለ ሕዝቡ ጥቁሮች ናቸው፣ በመዝሀብ ሻፊዒ ናቸው አለ። አገራቸው ከዘይላ እስከ መቅዲሹ የሁለት ወር መንገድ በረሃ መሆኑን፣ ግመል እንደሚያረቡና በጎቻቸው በጮማ የታወቁ መሆናቸውን መዘገበ። ከተማዋ ትልቅ ናት፣ ገበያዋም ትልቅ ነው አለ። ከዚያ ምላሱን አወጣ፦ በዓለም እንደሷ የቆሸሸች፣ እንደሷ የምትከረፋ ከተማ የለችም ብሎ ጻፈ። ምክንያቱንም አልደበቀ፤ አንደኛ የዓሣው ብዛት፣ ሁለተኛ መንገድ ላይ የሚታረደው ግመል ደም። ባሕሩ የዚያን ሌሊት ይናወጥ ነበር። እሱና አብረውት የነበሩት ግን ከተማ ገብቶ ከማደር ማዕበሉ ላይ ሲናጡ ማደርን መረጡ። ሲነጋ ሸራቸውን ዘርግተው ሄዱ። አለቀ። የዘይላ ነገር ኋላ ባስጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ይቺው ናት፤ ጥቂት መስመር።

አባባ፣ እርስዎ ዘይላ ተወልደው ያደጉ ነዎትና ቅር እንዳይልዎ። ምን አሉኝ? «ግመል የማይታረድበት ገበያ ምን ገበያ ነው?» ልክ ነዎት። ግመሉ ለምን በየመንገዱ ይታረድ ነበር? ከደጋ ጀምሮ ሳምንታት የተጓዘ ቅፍለት ስለሚገባ ነዋ፤ ያ ሁሉ ሰው መብላት አለበት። ዓሣው ለምን በዛ? ከባሕር የመጣውም ይበላል። ሰውየው ሽታውን አሸተተ፤ ሽታው ከምን እንደመጣም አወቀ። ግመሎቹ ምን ተሸክመው እንደመጡ ግን ጠይቆ አልጻፈም።

እንግዲህ እሱ ያላየውን እኔ ልንገራችሁ። ያን ጊዜ ዘይላ የኢፋት ሱልጣኔት የባሕር በር ነበረች። ኢፋት ማለት የወላስማ ነገሥታት አገር ነው፤ መናገሻቸው ዛሬ ከሸዋ ሮቢት በላይ አርጎባዎቹ ባሉበት ተዳፋት በኩል። ከዚያ እስከዚህ ቅፍለት ይመላለስ ነበር። ቁልቁል የዝሆን ጥርስ፣ ቆዳ፣ የተሸጠ ሰውም ሳይቀር ይወርዳል፤ ሽቅብ ጨርቅና ዕቃ ይወጣል። ከኢፋት በላይ ደግሞ ዐፄ ዓምደ ጽዮን ከ1314 ጀምሮ ነግሠዋል። ኢብን ባጡታ መርከቡ ላይ ተኝቶ ሲናጥ፣ ከጀርባው ያ ሁሉ አገር፣ ያ ሁሉ ንጉሥ፣ ያ ሁሉ ጠብ ነበረ።

ይህ ብቻ አይደለም። ያች የከረፋች የተባለችው ከተማ ስሟን የያዙ ሊቃውንት በዚያው ዘመን ካይሮ ላይ ወንበር ዘርግተው ያስተምሩ ነበር። ፈኽረዲን ዘይለዒ የሚባሉት በ1305 ካይሮ ገብተው በ1340ዎቹ መጀመሪያ እዚያው ሞቱ፤ የሐነፊ መዝሀብ ተማሪ እስከ ዛሬ መጽሐፋቸውን ይገልጣል። ጀማለዲን ዘይለዒ ደግሞ የሐዲስ ሊቅ ናቸው፤ በ1360 ግድም ነው ያረፉት። በአል-አዝሀር መስጊድም ኋላ የጀበርቲዎች ሪዋቅ፣ ማለት የእኛ አገር ደረሶች የሚያድሩበትና የሚማሩበት ክፍል፣ ነበረ። ሰውየው ራሱ የሸሪዓ ሰው ነው እኮ! ከተማዋ ገብቶ «እዚህ ዓሊም አለ ወይ?» ቢል ኖሮ እንጀራው የነበረውን ወሬ በአፉ ሙሉ በጎረሰ ነበር።

አሁን ተከተሉኝ፤ በባሕር 15 ሌሊት ነው፣ መቅዲሹ ልንደርስ ነው። እዚህ ላይ ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። መርከቡ ገና መልሕቅ ሳይጥል ወጣቶች በትናንሽ ጀልባ እየቀዘፉ መጡ። እያንዳንዱ የተከደነ ሰሐን ይዟል፤ ሰሐኑ ውስጥ ምግብ አለ። ካሉት ነጋዴዎች ላንዱ ያቀርብና «ይህ የኔ እንግዳ ነው» ይላል። በቃ፤ ነጋዴው የዚያ ልጅ ቤት ይወርዳል፣ ዕቃውን የሚሸጥለትም የሚገዛለትም ያው ባለቤቱ ነው። አንዱ ወደ ኢብን ባጡታ ሲቀርብ ጓደኞቹ ይሄ ነጋዴ አይደለም፣ ፈቂህ ነው አሉት። ወዲያው ወሬው ለቃዲው ደረሰ፤ ቃዲው ከነደረሶቹ ባሕር ዳር ድረስ ወርዶ ተቀበለው። የአገሩ ሥርዓት ግን ዓሊም የሆነ ሰው ከሁሉ በፊት ሱልጣኑን ሳያይ ማረፍ የለበትም የሚል ነው። ሱልጣኑ አቡበከር ኢብን ዑመር ይባላሉ፤ በመቅዲሹ ቋንቋ ይናገራሉ፣ ዓረብኛም ያውቃሉ።

ታዲያ ምን ቀረበለት? ገበታውን ስሙኝ። በትልቅ የእንጨት ሰሐን በቅቤ የተሠራ ሩዝ፤ በላዩ ዶሮ፣ ሥጋ፣ ዓሣ፣ አትክልት። ጎን ለጎን ያልበሰለ ሙዝ በወተት ተቀቅሎ። በሌላ ዕቃ እርጎ፤ ከርጎው ጋር በጨውና በሆምጣጤ የተዘፈዘፈ ሎሚና ቃሪያ፣ እርጥብ ዝንጅብል፣ ማንጎ። አንድ ጉርሻ ሩዝ ጎርሰው ከዚያ ከኮምጣጣው ያስከትላሉ። አንዱ ሰው የኛን ማኅበር የሚያህለውን ይበላል፣ ገላቸውም የወፈረ ነው ብሎ ጽፏል። በአራተኛው ቀን፣ ጁሙዓ፣ ልብስ ተላከለት፤ ከወገብ በታች የሚታጠቅ የሐር ሽርጥ፣ የግብጽ ተልባ እግር ቀሚስ፣ የእየሩሳሌም ጨርቅ ካባ፣ ጥምጥም። ሱልጣኑ ከመስጊድ ሲወጡ አራት የሐር ጥላ ተዘርግቶላቸው፣ በየጥላው ጫፍ የወርቅ ወፍ ተቀምጦ ነበር። ይህን ሁሉ አየ፣ ይህን ሁሉ ጻፈ።

አስተዋላችሁ? መቅዲሹም እኮ ግመል በብዛት ይታረድባታል፤ ራሱ ጽፎታል። ዓሣም አለባት። ግን ስለ ሽታዋ አንድ ቃል አልወጣውም። ለምን? እንግዳ ሆኖ ተቀበሉታ! ቱኒስ ላይ ያለቀሰው ልጅ አድጎ ይኸው ነው። ሰላም ያለው አገር ገጽ በገጽ ይሰፋለታል፤ ያልተቀበለው አገር በሁለት መስመር ይታሸግበታል። ዘይላ ላይ ጥፋቱ የማን ነው ብትሉኝ፣ እኔ የሁለቱም ነው እላለሁ፤ እሱ ከተማዋ ገብቶ አላደረም፣ ሰሐን ይዞ የመጣም አልነበረም።

ቆይ፣ ቆይ፣ ጫት የያዛችሁ አሁን ስሙ። መቅዲሹ ላይ ከገበታው በፊት ቅጠል ቀርቦለታል። ቅጠሉ ግን ታንቡል ነው፤ ህንዶቹ ከፉፈል ፍሬና ከኖራ ጋር የሚያኝኩት። ኢብን ባጡታ የታንቡልን ነገር ዘርዝሮ ዘርዝሮ አይጠግብም። እንዴት እንደሚተከል፣ እንዴት እንደሚታኘክ፣ የአፍን ጠረን እንዴት እንደሚያጣፍጥ፣ ለትልቅ ሰው ታንቡል መስጠት ወርቅ ከመስጠት እንደሚበልጥ ጽፏል። ስለ ጫትስ? አንዲት ቃል የለችም። የመንን ከዳር እስከ ዳር ዞሮ፣ በዘይላ በር አልፎ፣ ስለ ጫት አንዲት ቃል! የጫትን ነገር የጻፈልን ሌላ ሰው ነው፤ ወደሱ እመጣለሁ። መጀመሪያ ግን ሐበሾቹን ላሳያችሁ።

ሰውየው ከመቅዲሹ ወደ ሞምባሳና ኪልዋ ወረደ፤ ተመለሰ፤ አናጦሊያን፣ የቁስጥንጥንያን ግንብ፣ የታታሮቹን ሜዳ አልፎ ህንድ ገባ። የዴልሂው ሱልጣን ሙሐመድ ቱግሉቅ ቃዲ አድርገው ሾሙት። እሱ ንቆት የሄደው የኛ አገር፣ አሁን በየደረሰበት ከፊቱ ይቆም ጀመር። ግዋሊዮር አጠገብ አላፑር በምትባል ከተማ በድር የሚባል ሐበሻ ገዢ ነበረ። የሱልጣኑ ባሪያ የነበረ ነው። ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ ደንዳና፣ ለጀግንነቱ ምሳሌ የሚሆን ሰው፤ ብቻውን ጠላት መሐል ገብቶ ገድሎ ማርኮ ይመለሳል። በአንድ ማዕድ አንድ በግ ይጨርስና፣ በላዩ አንድ ራጥል ተኩል ያህል ቅቤ ይጠጣል። ኢብን ባጡታ ይህ የሐበሾች ያገራቸው ልማድ ነው ብሎ ጨመረበት። እንግዲህ ከመካከላችሁ አንድ በግ ብቻውን የጨረሰ ካለ እጁን ያውጣ! አንተ ነህ ሾፌሩ? ቅቤውንስ ጠጥተኸዋል? ይኸው ነው፤ አገሩን ሳያይ የአገሩን ልማድ ከአንድ ሰው ገበታ ቀዳ። በድር መጨረሻው አላማረም፤ አንድ መንደር ሲወጋ ፈረሱ ጉድጓድ ውስጥ ይዞት ገባና መንደርተኞቹ ተረባርበው ገደሉት።

በ1342 ደግሞ ሱልጣኑ ወደ ቻይና መልእክተኛ አድርገው ላኩት። ከህንድ ምዕራብ ጠረፍ የተሳፈረበት መርከብ 50 ቀዛፊና 50 ሐበሻ ተዋጊ ነበረው። የዚያ ባሕር ዋስ ሐበሾቹ ናቸው ይላል፤ አንድ ሐበሻ ብቻ ካለበት እንኳ የባሕር ወንበዴ ያን መርከብ አይቀርበውም። ስሪላንካ ሲደርስ ኮሎምቦን የያዘው የባሕር አለቃ 500 የሚያህሉ ሐበሾች ከጎኑ ነበሩት። አስቡት እስቲ! ከዚህ ከባሕራችን ማዶ፣ ወሩን ሙሉ ቢቀዘፍ በማይደረስበት አገር፣ የመርከቡ ዘበኛ የእኛው ሰው ነው። ብዙዎቹ ተሸጠው የሄዱ ናቸው፤ በጉልበታቸው ግን የተፈሩ ሆኑ። ኢብን ባጡታ ጉልበታቸውን አደነቀ። በየት ወደብ ወጣችሁ፣ እናታችሁ ማን ትባላለች፣ ስለተዋችኋት አገር ምን ታስታውሳላችሁ ብሎ መጠየቁን ግን አልነገረንም።

አሁን ቃሌን ልጠብቅ፤ ያ ሌላው ሰው።

ስሙ ሺሀበዲን አል-ዑመሪ ነው፤ በ1301 ደማስቆ ተወለደ፣ ካይሮ ውስጥ የግብጽ ገዢዎች የማምሉኮቹ ቤተ መንግሥት ጸሐፊ ሆነ። ይህ ሰው የኢብን ባጡታን ሩብ ያህል እንኳ አልተጓዘም። ሥራው ደብዳቤ መጻፍ ነው። ግን አንድ ጠባይ ነበረው፦ ከሩቅ አገር የመጣ ሰው ካገኘ አስቀምጦ ይጠይቃል። በ1330ዎቹ ሼህ ዓብደላህ ዘይለዒ የሚባሉ ሰው ካይሮ መጡ፤ የሐበሻ ንጉሥ ሙስሊሞቹን እንዳያስጨንቁ የቅብጦቹ ፓትርያርክ ደብዳቤ ይጻፉልን ብለው ለማመልከት ነው የመጡት። አል-ዑመሪ ያዛቸው። አስቀመጣቸው። ጠየቃቸው።

ምን አገኘ? ሰባት የሙስሊም መንግሥታትን በስማቸው አገኘ፦ ኢፋት፣ ደዋሮ፣ አራባብኒ፣ ሐዲያ፣ ሻርካ፣ ባሊ፣ ዳራ። ሁሉም ለዓምደ ጽዮን የሚገብሩ። እያንዳንዱ በርዝመቱና በወርዱ ስንት ቀን እንደሚያስኬድ ጻፈ። ኢፋት በግብጽ ገንዘብ ሲገበያይ፣ ደዋሮ ግን ሐኩና በሚባል እንደ መርፌ በቀጠነ ብረት እንደሚገበያይ ጻፈ። እህሉን፣ ፍሬውን፣ ከብቱን ጻፈ። እና ጫትን ጻፈ! ቅጠሉ እንደሚበላ፣ አእምሮን እንደሚያነቃ፣ የተረሳውን እንደሚያስታውስ፣ እንቅልፍንና የምግብ ፍላጎትን እንደሚቀንስ። ካይሮ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ! በር ላይ ያደረው ሰው ያላየውን ከበሩ ሺህ ምዕራፍ የራቀው አወቀ።

የጫቱ ነገር እውነት ለመሆኑ ሌላ ምስክር አለ፤ ያውም ከተቃራኒ ወገን። በ1332 የኢፋቱ ሰብረዲን በዓምደ ጽዮን ላይ ሲነሣ፣ የንጉሡ ከተማ መራዴ ገብቼ ጫት እተክልበታለሁ ብሎ እንደፎከረ የዐፄው ዜና መዋዕል ጸሐፊ መዝግቦታል። ካህኑ በግእዝ፣ የካይሮው ጸሐፊ በዓረብኛ፣ ሁለቱ ሳይተዋወቁ ያንኑ ቅጠል ጻፉ። ሰብረዲን ተሸነፈ፤ ቅጠሉ ግን አልተሸነፈም፤ ይኸው ከአወዳይ ተነሥቶ ከቀትር በፊት እጃችሁ ላይ ነው።

አል-ዑመሪ ስለ ማሊም እንዲሁ አደረገ። የማሊው ንጉሥ ማንሳ ሙሳ በ1324 ወርቁን እየበተነ በካይሮ ሲያልፍ የወርቅ ዋጋ እንዴት እንደወደቀ፣ ከዓመታት በኋላም እንዳላገገመ ከከተማው ሰው ጠይቆ ጻፈ። ኢብን ባጡታ ማሊ በእግሩ የደረሰው ገና በ1352 ነው፤ ሰሃራን በግመል አቋርጦ። እዚያም የእንግዳ ነገር ፊቱን አጠቆረበት። ማንሳ ሱለይማን የላኩት የክብር ስጦታ ልብስና ገንዘብ መስሎት ቢነሣ፣ ሦስት ዳቦ፣ ትንሽ የተጠበሰ ሥጋና እርጎ ሆኖ አገኘው። ሳቀ፤ ከዚያ በየአገሩ ንጉሥ ፊት ስምዎን ምን ብዬ ላንሣ ብሎ ወቀሳቸው። ቤትና ቀለብ ተቆረጠለት። ሰሐን ያልያዘ ንጉሥ ስሙ እንደ ዘይላ እንደሚሆን ገብቷቸዋል መሰለኝ።

ቤቱስ እንዴት ገባ? በ1348 ሶርያ ሲመለስ ጥቁሩ ሞት፣ ያ ታላቁ ወረርሽኝ፣ ሕዝቡን ያጭዳል። አባቱ ከሞቱ 15 ዓመት እንዳለፋቸው ደማስቆ ላይ ተረዳ። በ1349 ሞሮኮ ሊገባ ሲል እናቱም በዚያው ወረርሽኝ እንዳለፉ ተነገረው። እንግዲህ በ21 ዓመቱ ተሰናብቷቸው የወጣው ሁለቱንም ሳያገኝ ተመለሰ ማለት ነው። አል-ዑመሪም በዚያው በ1349 ደማስቆ ላይ ሞተ።

ከዚያ የሞሮኮው ሱልጣን አቡ ዒናን «ያየኸውን አስጽፍ» አሉት፤ ኢብን ጁዘይ የሚባል የአንዳሉስ ባለ ብዕር ተመደበለት። እሱ እያወራ፣ ያኛው እየጻፈ፣ በታኅሣሥ 1355 መጽሐፉ አለቀ። የሄደው መንገድ ከመቶ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ እንደሚሆን ይገመታል። ዘይላን ካየ ያን ጊዜ 25 ዓመት ሆኖታል። መካከል ላይ መርከቡ ተሰብሮበታል፣ ወንበዴ ልብሱን እስኪያወልቅ ዘርፎታል፤ ያስታወሰውን ነው የተናገረው። ከአፍንጫ የገባ ነገር ደግሞ ቶሎ አይወጣም። የዘይላ ገበያ ስፋቱ ደበዘዘ፣ ሽታው ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ዘይላ ብዙ አየች። በ1517 ፖርቱጋሎች አቃጠሏት። በ1854 ሪቻርድ በርተን የሚባለው እንግሊዛዊ ወደ ሐረር ሊገባ ሲል ከሦስት ሳምንት በላይ ሰነበተባት፤ ወርዶ ስለሰነበተም ሰዎቿን በየስማቸው ጻፈልን። መጨረሻ ላይ የጣላት እሳት አይደለም፣ ባቡር ነው። ፈረንሳዮች ከዚህ ከጅቡቲ በ1897 ሐዲድ መዘርጋት ጀመሩ፤ በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፤ በ1917 አዲስ አበባ። የሐረር ቡናና ቆዳ ግመሉን ትቶ ፉርጎ ላይ ወጣ። የዘይላ ነጋዴ፣ ተሸካሚ፣ ደላላ ሁሉ ንግዱን ተከትሎ ወደዚህ ፈለሰ። ይህ ቆርቆሮ ለበስ ሰፈር፣ ይህ ዝናብ ሲጥል ውኃ የሚተኛበት ዝቅተኛ መሬት የሞላው በዚያ ነው። የዘይላን ገበያ የወረስነው እኛ ነን፤ ዓሣውንም ሽታውንም ጨምሮ። ማታ ለሁለት ተሰንጥቆ በምድጃው ግድግዳ የሚጠበሰውን የየመኒዎቹን ዓሣ ስትበሉ ማንም አፍንጫውን ሲይዝ አላየሁም።

እንግዲህ ፍርዴን ልስጥ። ኢብን ባጡታ አልዋሸም። ዘይላ ሳትከረፋ አትቀርም። ደግሞ እሱን የመሰለ እግር ዓለም ዳግመኛ አላየችም ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ መቅዲሹንና ማሊን ያን ዘመን በዓይኑ አይቶ የጻፈልን እሱ ነው፤ በህንድ ባሕር ላይ የነበሩ አያቶቻችንን ያስተዋወቀንም እሱ ነው። ግን እግር ብቻውን አገር አያሳውቅም። አል-ዑመሪ የዘይላን አፈር አልረገጠም፤ ከዘይላ የመጣን ሰው ግን አክብሮ አስቀመጠ፣ አፉን ዘግቶ ጆሮውን ከፈተ። የእኛን አገር ነገር ከማን ነው የምንማረው ቢባል ከሁለተኛው ነው።

ይህን የምላችሁ ያለ ነገር አይደለም። እናንተ ከነገ ወዲያ ጭነታችሁን ይዛችሁ ሽቅብ ትመለሳላችሁ። ጅቡቲ እንዴት ናት ሲሏችሁ «ትፋጃለች፣ ኑሮው ውድ ነው» ትላላችሁ። እሱም አይዋሽም። ነገር ግን ጎረቤታችሁ የተቀመጠው ሶማሌ፣ ወዲያ ጥግ ያለው ዓፋር፣ ሱቁን የከፈተው የመኒ አያቱ በየትኛው ጀልባ እንደመጣ ሳትጠይቁት ዓመታት ተመላለሳችሁ። እሱም እናንተን አልጠየቃችሁም። መርከብ ላይ ማደር ማለት ይኸው ነው፤ ወደብ ላይ ሆኖም ይታደራል።

ስለዚህ እኔ እዚህ ላይ ላብቃ። ፀሐዩ እስኪበርድ ገና ጊዜ አለ። አንተ፣ ለአባባ ሻይ ቅዳላቸው። አባባ፣ እነዚህ ልጆች ዘይላን ከአንድ ሌሊት እንግዳ አፍ ብቻ እንዲሰሟት አልፈልግም። እርስዎ ይንገሯቸው። ከቤትዎ ይጀምሩልን፤ አባትዎ ምን ሠርተው ይኖሩ ነበር?